«ብዙ ጊዜ በስሕተት የሚጻፉ የእንግሊዝኛ ቃላት»፦ በዝርዝር የማስተማር ልማድ ላይ የቀረበ ሒሳዊ አስተያየት

መግቢያ

በብዙ የእንግሊዝኛ አጋዥ መጻሕፍት የመጨረሻ ገጾች፣ አልፎ አልፎም በመማሪያ ክፍሎች ግድግዳ ላይ፣ «ብዙ ጊዜ በስሕተት የሚጻፉ ቃላት» የሚል ርእስ የተሰጠው ዝርዝር ይገኛል። ቃላቱ በፊደል ተራ ተደርድረው፣ በግራ በኩል የተሳሳተው አጻጻፍ፣ በቀኝ በኩል ትክክለኛው ይቀመጣል። መምህሩ ለሳምንቱ ሃያ ቃላት ይመድባል፤ ተማሪው በቃሉ ያጠናል፤ ዓርብ ቀን ዲክቴሽን ይሰጣል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሃያ ይከተላል። ይህ አሠራር ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረ በመሆኑ ጠቃሚነቱን የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ጥያቄ ማንሣት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃና በከፍተኛ ትምህርትም ማስተማሪያ እንዲሆን ወስኗል። ስለሆነም የእንግሊዝኛ ቃላት አጻጻፍ የአንድ የትምህርት ዓይነት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የባዮሎጂ፣ የጂኦግራፊና የታሪክ መምህር በሚያርመው ወረቀት ላይ ሁሉ ይገኛል። ሐሳቡን የተረዳ ተማሪ ቃሉን አስተካክሎ መጻፍ ስላቃተው ነጥብ ቢያጣ፣ ወይም ስሕተት ፈርቶ የሚያውቀውን ሳይጽፍ ቢቀር፣ ጉዳቱ የዕውቀት ጉዳት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የእንግሊዝኛ ቃላት አጻጻፍ የሚገለጠው ተማሪዎች በቃላቸው በሚጠሩበት አኳኋን የፊደሎቹን ስም በመዘርዘር ነው። አንባቢ አምስቱን አናባቢዎች ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ እና ዩ ብሎ እንዲያስታውስ ያስፈልጋል።

የአጻጻፉ ውስብስብነት መነሻ

የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሥርዓት የለሽ ነው የሚል አባባል ተደጋግሞ ይሰማል። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። በ1066 እ.ኤ.አ. ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ቋንቋው በብዙ የፈረንሳይኛ ቃላት ተሞላ፤ ጸሐፍቱም የፈረንሳይኛን ልማድ አስገቡ። ዊልያም ካክስተን በ1476 እ.ኤ.አ. በዌስትሚኒስተር የመጀመሪያውን የእንግሊዝ ማተሚያ ቤት ሲያቋቁም የቋንቋው ረጃጅም አናባቢዎች ገና በመለወጥ ላይ ነበሩ። አጻጻፉ በኅትመት እየጸና ሲሄድ አነጋገሩ ግን መንገዱን ቀጠለ። ዛሬ «ናይት» (ፈረሰኛ ጦረኛ) በሚለው ቃል መነሻ ላይ የምትጻፈው ኬ በጥንት ጊዜ በትክክል ትነበብ ነበር።

ሊቃውንትም የበኩላቸውን ጨመሩ። «ዴት» (ዕዳ) የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ ሲገባ ቢ አልነበረችበትም፤ የላቲን ዘሩን ለማሳየት ሲባል ኋላ ገባች። «አይላንድ» (ደሴት) ውስጥ ያለችው ኤስ ደግሞ በስሕተት የገባች ናት፤ ቃሉ ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ቃል ሆኖ ሳለ ከላቲን የመጣ ነው ተብሎ ታስቦ ነበር። የሳሙኤል ጆንሰን መዝገበ ቃላት በ1755 እ.ኤ.አ. ሲታተም ይህ ሁሉ ቅርስ እየጸና ሄደ።

ይህ ነገር ለእኛ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። በአማርኛችን «ሠዓሊ» እና «ሰአሊ» በአነጋገር አንድ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ሥዕል የሚሥል፣ ሁለተኛው የሚለምን መሆኑን የምናውቀው በፊደሉ ነው። ግእዝ በድምፅ ይለያቸው የነበሩትን ፊደላት አማርኛ በድምፅ አንድ ቢያደርጋቸውም በጽሕፈት አቆይቷቸዋል። የእንግሊዝኛ የማይነበቡ ፊደላትም አብዛኛዎቹ እንደዚሁ የጥንት ድምፅ ወይም የዘር ምልክቶች ናቸው። መምህሩ ይህን ተመሳሳይነት ቢያስረዳ ተማሪው አጻጻፉን እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ ታሪክ ሊያየው ይችላል።

ዝርዝሩ የተዘጋጀው ለማን ነው?

በዝርዝሮቹ ላይ የሚቀርበው የመጀመሪያው ሒስ ምንጫቸውን ይመለከታል። በአገራችን የሚሠራባቸው አብዛኛዎቹ ዝርዝሮች በእንግሊዝና በአሜሪካ ከታተሙ መጻሕፍት የተቀዱ ናቸው። የተመዘገቡትም እንግሊዝኛን ከእናታቸው የሰሙ ልጆች የሚሠሯቸው ስሕተቶች ናቸው። እነዚያ ልጆች ቃሉን ፊደል ከመቁጠራቸው ከብዙ ዓመታት በፊት በጆሯቸው ያውቁታል። ስለዚህም የሚስቱት በጆሮ አንድ የሆነውን በዓይን መለየት ሲያቅታቸው ነው። «የእነርሱ» የሚል ፍች ያለውን ቲ-ኤች-ኢ-አይ-አር እና «እዚያ» የሚል ፍች ያለውን ቲ-ኤች-ኢ-አር-ኢ ማምታታት የዚህ ዓይነቱ ስሕተት ዋና ምሳሌ ነው።

የእኛ ተማሪ ግን ብዙውን የእንግሊዝኛ ቃል የሚያገኘው በመጀመሪያ ከመጽሐፍ ገጽ ነው፤ የሚሰማውም በመምህሩ አነጋገር ነው። ከዚያ ላይ የራሱን ቋንቋ የድምፅ ሥርዓትና የራሱን ፊደል ልማድ ይጨምርበታል። የስሕተቱ ምንጭ ሌላ ሆኖ ሳለ መድኃኒቱ ከውጭ አገር ዝርዝር መቀዳቱ የአንዱን በሽተኛ መድኃኒት ለሌላው እንደ መስጠት ይቆጠራል።

ከፊደላችንና ከቋንቋችን የሚመነጩ ስሕተቶች

ሀ. ጥብቀት። አማርኛ ፊደልን ጠብቆና ላልቶ ይናገራል እንጂ በጽሕፈት አይለይም። «አለ» የሚለው ሲላላ የተናገረ፣ ሲጠብቅ ያለ ማለት ነው፤ «ገና»ም ሲጠብቅ በዓሉን፣ ሲላላ ጊዜን ያመለክታል። የእኛ ተማሪ ጥብቀትን በጆሮው ያውቃል፤ በእጁ ግን ጽፎት አያውቅም። እንግሊዝኛ ደግሞ ፊደል ይደግማል፤ የተደገመው ፊደል ግን በአነጋገር አይጠብቅም። ስለዚህ «አኮሞዴት» (ማስተናገድ) ሁለት ሲ እና ሁለት ኤም፣ «ኔሰሰሪ» (አስፈላጊ) ግን አንድ ሲ እና ሁለት ኤስ እንዲኖረው የሚያደርገውን ነገር ተማሪው በጆሮው ሊያገኘው አይችልም። ምክንያቱ ሊነገረው ይገባል።

ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛው፣ የተደገመው ተነባቢ ከፊቱ ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን ያመለክታል። «ራይቲንግ» (መጻፍ) በአንድ ቲ፣ «ሪትን» (የተጻፈ) በሁለት ቲ የሚጻፈው ስለዚህ ነው። በተማሪዎቻችን ደብተር በብዛት የሚታየው የመጀመሪያውን ቃል በሁለት ቲ የመጻፍ ስሕተት በዚህ አንድ ማብራሪያ ሊቃና ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት የላቲን ባዕድ መነሻ ከሥሩ ፊደል ጋር መዋሐዱ ነው። «አከር» (መከሠት) ሁለት ሲ ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ይኸው ቃል ኃላፊ ጊዜን ሲያመለክት አርን መድገሙ ደግሞ ከመጨረሻው ቀለም አነጋገር የመጣ ነው፤ ደንቡም ከዚህ በታች ይገለጣል። እንግዲህ በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት መደጋገም በሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ይገኛል። ዝርዝሩ ቃሉን ብቻ ይሰጣል፤ ምክንያቶቹን አይሰጥም።

ለ. ሳድስ። የሳድስ ፊደል አናባቢ ይኑረው አይኑረው በጽሕፈት አይታይም። አማርኛም በቃል መነሻ ላይ ተነባቢዎች እንዲከማቹ አይፈቅድምና «ስፖርት» በብዙ ሰው አፍ «እስፖርት» ይሆናል። ተማሪው የራሱን አነጋገር ተከትሎ ሲጽፍ የሌለ አናባቢ ያስገባል።

ሐ. የማይጎላ አናባቢ። በእንግሊዝኛ ድምፁ ጎልቶ በማይነገርበት ቀለም ውስጥ ያለ አናባቢ ሁሉ ወደ አንድ የደበዘዘ ድምፅ ያዘነብላል። «ሴፓሬት» (የተለየ) በሚለው ቃል ውስጥ ከፒ ቀጥላ ያለችው ኤ፣ በ«ግራመር» (ሰዋስው) መጨረሻ ያለችው ኤ፣ በ«ዴፊኒት» (እርግጠኛ) ውስጥ ያለችው ሁለተኛዋ አይ በጆሮ አይለዩም። ይህ ችግር የእንግሊዝም ልጅ ችግር ስለሆነ፣ የውጭው ዝርዝር በእውነት የሚጠቅመን በዚህ ክፍል ነው።

መ. በውሰት የገቡ ቃላት። አማርኛ «ኮሚቴ»ን ከፈረንሳይኛ፣ «ጋዜጣ»ንና «ፋብሪካ»ን ከጣሊያንኛ ወስዷል። ተማሪው «ኮሚቴ» በእንግሊዝኛ ሁለት ኤም፣ ሁለት ቲ እና ሁለት ኢ እንዳለው ሲሰማ ቢደነቅ አይፈረድበትም። የሚያውቀው መስሎት የሚስተው ቃል ከማያውቀው ቃል ይልቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ሠ. የቁቤ ልማድ። የመጀመሪያ ንባቡን በአፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅ ችግር ከዚህ የተለየ ነው። በ1984 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ላይ የዋለው ቁቤ የላቲን ፊደላትን በጥብቅ ሥርዓት ይጠቀማል። ተነባቢ ሲደገም ጥብቀትን፣ አናባቢ ሲደገም ርዝመትን ያሳያል፤ ሲ የጨን፣ ኤክስ የጠን፣ ኪው የቀን ድምፅ ይወክላሉ። ይህ ልጅ «ቡክ» (መጽሐፍ) የሚለውን ቃል በሁለት ኦ ተጽፎ ሲያገኘው በረጅም ኦ ቢያነብበው የራሱን ሥርዓት በትክክል መጠቀሙ ነው። በግእዝ ፊደል የጀመረውና በቁቤ የጀመረው ተማሪ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አንድ ዓይነት ዝርዝር ሲሰጣቸው ዝርዝሩ ለሁለቱም አልተዘጋጀም ማለት ነው።

ሕግጋቱ እስከ ምን ያገለግላሉ?

ዝርዝርን የሚነቅፍ ሰው ሕግን እንዲተካ ይጠበቅበታል። በዚህም በኩል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በትምህርት ቤቶች በግጥም መልክ የሚጠናው «አይ ከኢ ይቀድማል፤ ከሲ በኋላ ካልሆነ በቀር» የሚለው ደንብ «ቢሊቭ» (ማመን) እና «ሪሲቭ» (መቀበል) የሚሉትን በሚገባ ይለያል። ነገር ግን «ሳይንስ»፣ «ስፒሺስ»፣ «ፕሮቲን» እና «ሲዝ» (መያዝ) የሚሉት ቃላት ያፈርሱታል፤ ከእነዚህም ሦስቱ የሳይንስ ተማሪያችን በየጊዜው የሚያገኛቸው ናቸው። በ2009 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዝ መምህራን የተሠራጨ የመንግሥት መመሪያ ይህ ደንብ ሊማሩት የሚገባ አለመሆኑን እስከ መግለጽ ደርሷል።

ሌላው ደንብ ግን ከዚህ ይልቅ ጽኑ ነው። በአንድ አጭር አናባቢና በአንድ ተነባቢ የሚያልቅ ቃል የመጨረሻው ቀለም ጎልቶ የሚነገር ከሆነ፣ በአናባቢ የሚጀምር ባዕድ መድረሻ ሲጨመርበት ተነባቢው ይደገማል። «ቢጊን» «ቢጊኒንግ» ሲሆን ኤን ይደገማል፤ «ኦፕን» «ኦፕኒንግ» ሲሆን ግን አይደገምም፤ ድምፁ የሚጎላው በመጀመሪያው ቀለም ላይ ነውና። የእንግሊዝ አጻጻፍ በኤል የሚያልቁትን እንደ «ትራቭል» ያሉ ቃላት ከዚህ ደንብ ውጭ ይደግማል፤ የአሜሪካ አጻጻፍ ግን ደንቡን ይጠብቃል።

ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ የቃላት ዝምድና ነው። ኖአም ቾምስኪና ሞሪስ ሃሌ በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ድምፅን ሳይሆን የቃሉን ሥር ለመጠበቅ እንደሚመች ተከራክረዋል። ክርክራቸው የተጋነነ ነው የሚሉ አሉ፤ ለክፍል ሥራ ግን ፍሬ ያለው ነው። በ«ግራመር» የደበዘዘችው ኤ በ«ግራማቲካል» ትገለጣለች። በ«ዴፊኒት» የተደበቀችው አይ በ«ዴፊኒሽን» ጎልታ ትሰማለች። በ«ገቨርንመንት» የምትዘነጋው ኤን የ«ገቨርን» የመጨረሻ ፊደል ናት። ስለዚህ ቃላት በፊደል ተራ ከሚደረደሩ በቤተሰብ ቢመደቡ ይሻላል።

ይህም መንገድ ወሰን አለው። «ፕሮናውንስ» ከሚለው ግሥ የሚወጣው ስም ሁለተኛዋን ኦ ይጥላል፤ «ሜንቴን» እና «ኤክስፕሌን» የሚሉትም ስም ሲሆኑ አናባቢያቸውን ይለውጣሉ። እዚህ ዝምድናን የተከተለ ተማሪ ይሳሳታል። መምህሩ እነዚህን ጥቂት ቃላት ለብቻ ሰብስቦ ማስጠንቀቅ አለበት።

የሕግ ወሰን የት ላይ እንደሆነ በጥናትም ታይቷል። ፖል ሃና እና ባልደረቦቹ በ1966 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከ17,000 በላይ የእንግሊዝኛ ቃላትን ከድምፃቸው በመነሣት በኮምፒዩተር ለማስጻፍ ሞክረዋል። መሣሪያው በደንብ ብቻ ተመርቶ ግማሽ ያህሉን በትክክል ጻፈ፤ ከቀሩት ውስጥ ብዙዎቹ የተሳሳቱት በአንድ ቦታ ብቻ ነበር። ከዚህ ውጤት ሁለት ትምህርት ይገኛል። አጻጻፉ ሥርዓት አለው፤ ይሁንና ሥርዓቱ ብቻውን አይበቃም።

የተሳሳተውን ማሳየት የሚያስከትለው ጉዳት

ዝርዝሮቹ ከሚነቀፉባቸው ነገሮች ከባዱ የተሳሳተውን አጻጻፍ ከትክክለኛው ጎን ማስፈራቸው ነው። ተማሪው የተሳሳተውን አይቶ እንዲጠነቀቅ ታስቦ የተደረገ ቢሆንም ዓይን የሚይዘው ያየውን ነው እንጂ የታሰበለትን አይደለም። አለን ብራውን በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የተሳሳተ አጻጻፍ ያዩ ተማሪዎች ኋላ ያንኑ ቃል ሲጽፉ ይበልጥ እንደሚሳሳቱ አሳይቷል። ጃኮቢና ሆሊንግስሄድ በ1990 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ውጤት አግኝተው፣ የተማሪዎችን ጽሑፍ ማንበብ የአንባቢውን የራሱን አጻጻፍ ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። በሳምንት መቶ ደብተር የሚያርም መምህር ይህን በገዛ እጁ ያውቀው ይሆናል።

ይህ ግኝት ፈተናን ይነካል። «ከሚከተሉት ውስጥ በትክክል የተጻፈው የትኛው ነው?» የሚል ምርጫ ያለው ጥያቄ ለአንድ ትክክለኛ ቃል ሦስት የተሳሳቱ ያሳያል። ለማረም ይቀልላል፤ ነገር ግን ሲፈትን ስሕተት ያስተምራል፤ የሚመዝነውም የመለየትን እንጂ የመጻፍን ችሎታ አይደለም።

ምን ይደረግ?

የዝርዝር ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ሊናቅ አይገባም። በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ፣ መዝገበ ቃላት በሌለበት ትምህርት ቤት፣ አንድ ገጽ ዝርዝር ርካሽና ግልጽ መሣሪያ ነው። ስለዚህ አስተያየታችን ዝርዝር ይጥፋ ሳይሆን ይታደስ የሚል ነው።

1. ቃላቱ ከራሳችን የመማሪያ መጻሕፍት ይመረጡ። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ቀድሞ የሚያስፈልገው በፊዚክስ፣ በባዮሎጂና በኅብረተሰብ ትምህርት መጽሐፉ ውስጥ የሚደጋገመው ቃል ነው።

2. በእያንዳንዱ ቃል ውስጥ አስቸጋሪው ቦታ ይመልከት። አርተር ጌትስ በ1937 እ.ኤ.አ. 3,876 ቃላትን መርምሮ ተማሪዎች የሚስቱባቸውን ቦታዎች በዝርዝር አመልክቷል። ቃሉ በሙሉ ሳይሆን አንድ ወይም ሁለት ፊደል ነው የሚያስቸግረው። ተማሪው ያንን ቦታ ብቻ በቀለም ቢያሠምርበት ድካሙ ይቀንሳል።

3. ቃላቱ በስሕተቱ ምክንያት ይመደቡ፤ የተደገመ ተነባቢ፣ የደበዘዘ አናባቢ፣ የማይነበብ ፊደል፣ የውሰት ቃል እየተባለ። በቁቤ ለጀመሩ ተማሪዎች ራሱን የቻለ ምድብ ይዘጋጅ።

4. ጊዜው አጭር፣ ግን የዘወትር ይሁን። ጆሴፍ ሜየር ራይስ በ1897 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ብዙ ሺህ የአሜሪካ ተማሪዎችን መርምሮ ለቃላት አጻጻፍ በቀን ከ15 ደቂቃ በላይ ማዋል ውጤት እንደማይጨምር ደምድሟል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም ምክሩ አላረጀም።

5. ዲክቴሽኑን ተማሪው ራሱ ያርም። መምህሩ ትክክለኛውን ፊደል በፊደል እየጠራ፣ ተማሪው የራሱን ወረቀት እያየ ቢያስተካክል ስሕተቱን በተሠራበት ሰዓት ያገኘዋል። ከሳምንት በኋላ በቀይ ቀለም ተሞልቶ የሚመለስ ወረቀት ይህን አይተካም።

6. የተሳሳተ አጻጻፍ በሰሌዳም ሆነ በፈተና ላይ አይጻፍ።

7. የእንግሊዝና የአሜሪካ አጻጻፍ ጉዳይ ይወሰን። ኖአ ዌብስተር በ1828 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መዝገበ ቃላት ያጸናው ልዩነት በእኛም ክፍሎች ይታያል። ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ከእንግሊዝ መጻሕፍት ጎን ሠርተዋል፤ ዛሬም ኮምፒዩተሩ አንዱን አጻጻፍ ስሕተት ብሎ በቀይ ያሠምርበታል። «ከለር»ን በዩም ሆነ ያለ ዩ የጻፈ ተማሪ በአንዱ እስከ ጸና ድረስ ነጥብ ሊቀነስበት አይገባም።

8. በሌሎች የትምህርት ዓይነቶች የሐሳብ ነጥብ ከአጻጻፍ ነጥብ ይለይ። የደም ዝውውርን በትክክል ያስረዳ ተማሪ ፊደል ስለገደፈ የባዮሎጂ ዕውቀቱ አይቀነስበት፤ ስሕተቱ ግን ሳይጠቆም አይታለፍ።

ማጠቃለያ

ኮምፒዩተር ስሕተትን ስለሚያርም ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው የሚሉ ይኖራሉ። ማረሚያው ግን ቃል ያልሆነውን ያሳያል እንጂ ያለቦታው የገባውን ሁልጊዜ አይለይም፤ «ፎርም»ን «ፍሮም» ብሎ ለጻፈ ላይደርስለት ይችላል። በወረቀትና በእስክሪብቶ ለሚፈተነው ተማሪም ጨርሶ አይኖርለትም።

የቃላት አጻጻፍ የአእምሮ ብስለት መለኪያ አይደለም፤ ልማድ ነው፤ ልማድም በትክክል ከተመራ ይገኛል። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች የመማሪያ መጻሕፍቱን ቃላት መርጠው፣ አስቸጋሪ ቦታቸውን አመልክተው፣ በምክንያት መድበው ለመምህሩ ቢያቀርቡለት ከውጭ በተቀዳ ዝርዝር የሚባክነው ጊዜ ይተርፋል። መምህሩ በበኩሉ «ተሳስተሃል» ከማለቱ በፊት «ለምን ተሳሳተ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ በተማሪው ስሕተት ውስጥ ብዙውን ጊዜ የተማሪውን ቋንቋ ሥርዓት ያገኛል። ትምህርቱም ከዚያ ቢጀምር ይበጃል።